የኔታ ያላመኗት ከተማ

የኔታ ክንፉ ማረፋቸውን የነገረኝ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ ያገኘሁት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን ከመካነ ሰላም ጤፍ እያመጣ የሚነግድ ትልቅ ሰው ሆኗል። «የኔታ እኮ አረፉ» ሲለኝ፣ «ነፍስ ይማር» ማለት ሲገባኝ «ማን ነገረህ?» አልኩት።

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ነው።»

«አንተ ቀብሩ ላይ ነበርክ?»

«በዚያ ሳልፍ ሕዝቡን አይቻለሁ። ምነው መምህር፣ እሳቸውን መሰሉኝ እኮ።»

አልተሳሳተም። የጠየቅኩት በእሳቸው አጠያየቅ ነው። እሳቸው ቢሆኑ ግን እዚያ አያቆሙም ነበር፤ «ሕዝቡ ለማን እንደተሰበሰበ በምን አወቅክ?» ይሉት ነበር።

መካነ ሰላም የተመደብኩት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ከኮሌጅ ገና መውጣቴ ነበር፤ የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። የተከራየሁት ክፍል በየኔታ ግቢ ውስጥ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነበር። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ጎጆ ሕፃናትን ፊደልና ንባብ ያስተምራሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጡ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ በዕድሜ በጣም ያንሷቸዋል።

ስለ አስተማሪነታቸው ትንሽ ላስረዳ፤ ሌላው ነገር ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። ሕፃናት ንባብን በጆሯቸው ይይዙታል። ዓይናቸው ገጹ ላይ ተተክሎ አፋቸው ብቻውን ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመጀመሪያው መስመር ካስጀመሩት አንድም ሳይስት እስከ መጨረሻው ይወጣዋል፤ ያነበበ ይመስላል። የኔታ በያዟት ስንደዶ የገጹን አጋማሽ ነካ ያደርጉና «ከመሀል ጀምር» ይላሉ። ማንበብ የሚችለው ይጀምራል። በቃሉ የያዘው ይንተባተባል።

ይህንን ዘዴ ከጎጆዋ ውጭም ይጠቀሙበት ነበር። ገበያ ሲወጡ ጤፉን ከጆንያው አፍ ላይ አያዩም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ከመሀል ያወጣሉ። ሰዓት ሲጠይቁ ሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቃሉ። ጠዋት «አንተስ ደኅና አደርክ?» ሲሉኝ «ደኅና ነኝ» ካልኩ፣ «በምን አወቅክ? ገና አሁን መነሳትህ ነው» ይሉኛል። ቀልድ ይሁን የምር ለይቼ አላውቅም።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ የሺ ትባላለች። እኔ ከመምጣቴ ከዓመታት በፊት ቤይሩት ሄዳለች። ደላላው ፓስፖርቷን ለይላ በሚል ስም ነው ያወጣላት፤ በሙስሊም ስም ቪዛ ቶሎ ይገኛል ስለሚባል ብዙ ክርስቲያን ልጆች እንዲህ አድርገው ሄደዋል። እንደደረሰች ሰሞን ድምጿ ይሰማ ነበር። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታውን የሚሞላ ሰው ግን አልጠፋም። አንዱ ጅዳ አግብታ ተቀምጣለች አለ። ሌላዋ እብድ ሆናለች አለች። በመጨረሻ ከፎቅ ወድቃ ሞተች የሚል ወሬ መጣ፤ ከተማውም ይኼኛውን አመነ።

መርዶው ሊነገር የታሰበ ዕለት እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ሽማግሌዎች ከንጋቱ በፊት ገቡ። ከመካከላቸው ቄስም ሼኽም ነበሩበት፤ በእኛ በኩል ቀብርና ለቅሶን የሚይዘው ማኅበር፣ ቅሬው፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ያሉበት ነው። በሬን ገርበብ አድርጌ አየሁ።

«የኔታ፣ እንግዲህ ፈጣሪ የወደደውን...» ብለው ጀመሩ አንደኛው።

«ቆይ። ማን አየ?» አሉ የኔታ።

«ቤይሩት ያሉ ልጆች ናቸው የላኩብን።»

«የማን ልጆች? ስትወድቅ አይተዋል ወይስ ወድቃለች ሲባል ሰምተዋል?»

«እሱን እንኳ...»

«የተቀበረችው በለይላ ስም ነው በየሺ?»

ፀሐይ ወጣች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ያ ክንፉ፣ እኛ መርዶ ልንነግር መጣን እንጂ ልንመረመር አልመጣንም» አሉ ሼኹ። የኔታ ቁርስ ጋበዟቸው። በልተው፣ መርዶውን ሳይናገሩ ተመልሰው ሄዱ።

ሲወጡ እትዬ ደብሬ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «የሰው ልጅ ልጁ ሲሞትበት ያለቅሳል» አሉ ለማንም ሳይሆን። «እኔ የማለቅስበት ቀን ተከለከልኩ።» ትልቁ ነገር ይኸው ነበር። በዚያ ቤት ልጅቱ አልሞተችም፤ በሕይወትም የለችም። እናቲቱ ከሁለት አንዱን ይፈልጋሉ።

ሰዓዳ የመጣችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከአጥራችን ጀርባ ያለው ቤት ልጅ ናት። እሷም ቤይሩት ሄዳ፣ አሠሪዎቿ ኑሯቸውን ወደ ቆጵሮስ ሲያዞሩ አብራ የሄደች ናት። አንድ ሻንጣ ይዛ መመለሷን ከተማው አልወደደውም። ቆጵሮስ የሚባል ዐረብ ሀገር ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ የሆነ ነገር ለመደበቅ የፈጠረችው ሀገር ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠርጥሬያት ነበር። አጥብቃ የምትምል ሴት ናት፤ በየሁለት ቃሉ «ወላሂ» ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ገብታ የእትዬ ደብሬን እጅ ሳመችና፣ «የሺን አይቻታለሁ» አለች።

እትዬ ደብሬ የያዙት ወንፊት ከእጃቸው ወደቀ። የኔታ ግን አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ተቀመጪ። የት?»

«ኒቆስያ። የቆጵሮስ ዋና ከተማ ናት።»

«ቆጵሮስን አውቃታለሁ። ሐዋርያት የሄዱባት ናት። አቀፍሻት?»

«አይ... አላቀፍኳትም። እሷ ላይ ናት፣ እኔ ታች።»

«ምን ላይ?»

ሰዓዳ እንጨት አነሳችና መሬቱ ላይ ክብ ሣለች። ክቡ ዙሪያውን ሾጣጣ ሾጣጣ አፍ አለው፤ የድሮ ግንብ ነው አለች፣ ከተማዋን የከበበ። ከዚያ ክቡን ለሁለት ቆረጠችው። «ይኼ የግሪኮቹ ነው፤ ይኼ የቱርኮቹ። እኔ እዚህ፣ እሷ እዚህ። ተዋግተው ነው የተካፈሉት። በዚህ በሱቁ መንገድ ይሄዳሉ፣ ይሄዳሉ፤ ጫማ፣ ሽቶ፣ ካፌ ነው። ከዚያ በርሜል። በርሜሉ ላይ የአሸዋ ጆንያ፣ ከጆንያው ኋላ ወታደር። መንገዱ እዚያው ያልቃል። ከበርሜሉ ወዲያ ማንም የሌለባቸው ቤቶች አሉ፤ ሰው ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ የወጣባቸው። የምትሻገር ድመት ብቻ ናት።»

«እና በዚህ ሁሉ መሀል የእኔን ልጅ አየሻት።»

«አንድ ቦታ ላይ ባዶው ሰፈር የለም። ቱርኮቹ ግንቡ ላይ መናፈሻ አላቸው፤ ከግንቡ ሥር የእኛ መንገድ ነው። ላይ የሽቦ አጥር አለ። እሑድ ዕረፍቴ ነው፤ ሳልፍ ከላይ አንዲት ሴት ልጆችን ‹ኧረ ቀስ በሉ፣ ትወድቃላችሁ› ስትል በአማርኛ ሰማሁ። ቀና ብል የሺ ናት። አሠሪዋ ሊባኖሳዊ ነው፤ እዚያኛው ወገን ሆቴል ከፍቶ ይዟት ሄደ። ፓስፖርቷን ይዞባታል፤ የምትጽፈውንም ‹እንልክልሻለን› ብለው ይቀበሏታል። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እየሄድኩ አናግራት ነበር። ወታደሩ ሲመጣ እንሸሻለን፤ ብዙ አያነጋግሩንም።»

የኔታ እንጨቱን ከእጇ ወሰዱ። መስመሯን በእንጨቱ እየተከተሉ፣ «አንቺ ሙስሊሟ በክርስቲያኑ በኩል፣ የእኔ ልጅ በእስላሙ በኩል?» አሏት።

«አዎ የኔታ። እኔ ደወል ሥር እኖራለሁ፣ አዛኑን የምሰማው ከማዶ ነው። እሷ አዛን ሥር ሆና ደወሉን ከእኔ በኩል ትሰማለች። እንስቅበት ነበር።»

«ይኼ ነገር የተሠፋ ይመስላል» አሉ። «እውነት እንዲህ አይገጣጠምም። ከመሀል ጀምሪ።»

ጀመረች። ከድመቷ አስጀመሯት፣ ከበርሜሉ አስጀመሯት፣ ከኋላ ወደ ፊት አስኬዷት። አልተንተባተበችም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አንተ የካርታው፣ የተቆረጠ ከተማ አለ?»

የትምህርት ቤቱን ካርታ አምጥቼ ዘረጋሁላቸው። ደሴቲቱ ባሕሩ ላይ አንድ ቀለም ተቀብታ ተኝታለች፤ ዋና ከተማዋ አንዲት ነጥብ ናት። ነጥብ አይከፈልም። ካርታ እንደሚያረጅ፣ የፖለቲካ ካርታ ከመሬቱ እንደሚለይ አስረዳሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። የኔታ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «አታውቅም ማለት ነው» አሉ።

ለፈተና ጉዳይ ደሴ በወረድኩ ጊዜ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈለግኩ። ሰዓዳ እንዳለችው ነው፤ ግንቡም፣ መስመሩም፣ በርሜሉም አለ። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ልብሴን ሳልቀይር የምሥራቹን ይዤ ገባሁ።

«ጥሩ» አሉ የኔታ። «ከተማዋ አለች። ከተማዋ መኖሯ ሰዓዳ የሺን ማየቷን አያሳይም። እኔም መካነ ሰላም አለሁ፤ መካነ ሰላም መኖሩን የሚያውቅ ሁሉ እኔን አይቷል?»

እትዬ ደብሬ ጣልቃ ገቡ። «እስከ መቼ ነው?» አሉ። «ቁርጡን ንገረኝ። ወይ አለች በለኝ ልጠብቃት፣ ወይ ሞታለች በለኝ ላልቅስ።»

የኔታ የዚያን ዕለት ቃል ገቡ። ሰዓዳ ኒቆስያ የቀረች አልማዝ የምትባል ጓደኛ አለቻት፤ እሑድ ጠዋት እንደውልላት፣ ከግንቡ ሥር ሄዳ አንዲት ጥያቄ ትጠይቅ፣ ከሰዓት መልሱን እንስማ። መልሱ ሐሰት ከሆነ ለቅሶ ይቀመጣል፤ እሳቸውም አይከለክሉም።

የዚያ ጊዜ የከተማው ስልክ ቴሌ ቢሮ ብቻ ነበር። ውጭ ሀገር ለመደወል ለሠራተኛዋ ቁጥሩን ሰጥቶ አግዳሚው ላይ መጠበቅ ነው። መስመሩ ሲገኝ የኔታ ሰዓዳን እንዲህ አስባሏት፤ «የሺን ‹ወንድምሽ ተሾመ ሰላም ብሎሻል› በያት።»

የሺ ወንድም የላትም። ነገሩ ወጥመድ መሆኑን ሰዓዳም አልተነገራትም። ለእኔ ውጭ ከወጣን በኋላ በጆሮዬ አብራሩልኝ፤ «የእኔ ልጅ ከሆነች ‹የምን ተሾመ?› ትላለች። ሐሰተኛ ከሆነች ትቀበለዋለች።» ጥርት ያለ ፈተና ነው ብዬ አደነቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ደወልን። ሰዓዳ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ይዛ የአልማዝን ቃል እየተቀበለች ጮክ ብላ ነገረችን። «አለቀሰች ትላለች። ደስ ብሏት አለቀሰች። ‹ወንድሜን ሳሙልኝ› አለች።»

የኔታ በትራቸውን አንስተው ወጡ። ሰዓዳ ግራ ገብቷት «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ወጥመዱን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «ወላሂ አይቻታለሁ መምህር። ዓይኔ ይጥፋ።» ከዚያ ወዲያ ለሳምንት ያህል በግቢው በር አላለፈችም። በከተማውም ስሟ ጠፋ፤ የሞተች ልጅ ወሬ የምትሸጥ ተባለች።

የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን ያመጡት ሐሙስ ከሰዓት ነው። የኔታ ራሳቸው ናቸው የጠሯቸው። ሰዎቹ ቋሚዎቹን እያወረዱ፣ አንዱ «የት ጋ ይተከል የኔታ?» ሲል እሳቸው በእጃቸው ቦታውን እያሳዩ ነበር። እትዬ ደብሬ ጥቁር ነጠላ ይዘው ከቤት ወጡ። ገና አልለበሱትም።

«ምንድን ነበር የጠየቃችኋት?» አሉ። እስከዚያ ሰዓት የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የኔታ ነገሯቸው። እትዬ ደብሬ ነጠላውን እንደያዙ ቆሙ።

«ስትሄድ እኮ አርግዤ ነበር» አሉ።

የኔታ ቀና አሉ።

«አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። ሆዴን ስማኝ ነው የወጣችው። ‹ወንድ ከሆነ ስሙን ላኩብኝ› አለችኝ። ከሄደች በኋላ ወረደ። ማን ይጻፍላት? አንተ ‹አታሳዝኛት› አልከኝ።»

ድንኳን ተካዮቹ ሥራቸውን አቆሙ። የኔታን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሀል የተጠየቁ ተማሪ ሆነው አየኋቸው፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል አይወጣም። በመጨረሻ፣ «ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሰዓዳም ልታውቅ ትችላለች።»

«ስላወቀች ነው የዋሸችው? ወይስ ልጄ ስላወቀች ነው ያለቀሰችው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ድንኳኑ ይጠቅለል» አሉ እትዬ ደብሬ። ተጠቀለለ።

እሑድ ጠዋት የኔታ ራሳቸው ሄደው ሰዓዳን ከቤቷ ጠሯት። ምን እንዳሏት አልሰማሁም፤ ይቅርታ ይሆን ብዬ ስጠይቃት «እሳቸው እንዴት ይላሉ ብለህ ነው?» ብላ ሳቀች። አራታችን ቴሌ ሄድን፤ እትዬ ደብሬም አልቀሩም። መስመሩ ሲገኝ ሰዓዳ የእጀታውን አፍ በእጇ ሸፍና፣ «ምን ልበላት የኔታ?» አለች።

ሌላ ወጥመድ ያዘጋጁ መስሎኝ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ሲያስቡ ሰንብተዋል።

«ይበርዳት እንደሆነ ጠይቁልኝ» አሉ።

«ይኼ ምን ያረጋግጣል?» አልኳቸው።

«ምንም።»

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ጥር ነውና ነፋሱ የቴሌውን በር ያንገጫግጨው ነበር። የአልማዝ ድምፅ እንደ ንብ ከእጀታው ውስጥ ይሰማል። ሰዓዳ ደገመችልን። «‹አይበርደኝም፤ አባባ አያስብ፤ ወፍራም ልብስ ገዝተውልኛል› አለች።»

«አልማዝ አይታታለች? ምን ለብሳ ነበር?» አሉ የኔታ።

ሰዓዳ ጠየቀች፤ አዳመጠች። «ስስ ሹራብ። እጇን ብብቷ ሥር ከታ ትንቀጠቀጥ ነበር ትላለች።»

የኔታ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ዋሸችኝ» አሉ። እትዬ ደብሬን ቀና ብለው አዩ። «ሰማሽ? ዋሸችኝ እኮ። ልጅሽ ናት።»

ይህ ማስረጃ አይደለም። ማንኛዋም ልጅ ለአባቷ እንዲህ ትላለች። አልማዝም ሹራቡን ልትፈጥረው ትችላለች፤ ሰዓዳም መልሱን። በእሳቸው ሚዛን ከመጣው ወሬ ሁሉ ይኼ ደካማው ነው። ይህንን በቅደም ተከተል ላስረዳቸው አፌን ስከፍት፣ «አንተ የካርታው፣ አውቀዋለሁ» አሉኝ። «ተወኝ።»

እትዬ ደብሬ ግን ከሰዓዳ ጋር ሌላ ነገር ጀምረው ነበር። «ጋቢ በፖስታ ይሄዳል?»

«ለአልማዝ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ። ወደ ላይ ማን ያወጣዋል? ግንብ ነው እኮ፤ ከላዩም ሽቦ አለ።»

«ይወረወራል» አሉ የኔታ።

«ጋቢ ይወረወራል?»

«ግንቡ ምን ያህላል?»

ሰዓዳ ወደ ውጭ ወጥታ ዙሪያውን ቃኘች። የቴሌውን ቤት ጣሪያ በጣቷ አሳየች፤ «ከነሽቦው ከዚህ ጥቂት ቢበልጥ ነው።»

የኔታ የለበሱትን ጋቢ አወለቁ። በዚያ ብርድ በቀጭን ሸሚዝ ቆመው ጋቢውን አጥብቀው ጠቀለሉት፤ እትዬ ደብሬ ጫፉን ቋጠሩላቸው። የመጀመሪያው ውርወራ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ። አነሱት፣ አቧራውን አራገፉ፣ ይበልጥ አጥብቀው ጠቀለሉት። ወደ ኋላ ሸሽተው ደግመው ወረወሩ። ጋቢው ከቆርቆሮው ጠርዝ በላይ አለፈና ጣሪያው ላይ ዱብ ሲል ተሰማ።

ዘበኛው በድምፁ ደንግጦ ወጣ። «ምንድን ነው የኔታ? ምን እየሠሩ ነው?»

የኔታ ጣሪያውን እያዩ ነበር። «ይደርሳል» አሉ።